የማማው ሹመኛ

አባቴ የፎገራ ሜዳ አንደኛ ወፍ ጠባቂ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ተነሥቼ ተናግሬአለሁ። መምህሩ «አባታችሁ ምን ይሠራል?» እያለ በየተራ ሲጠይቀን አንዱ ገበሬ አለ፣ አንዷ ነጋዴ አለች፣ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «ወፍ ጠባቂ» አልኩ። የሳቁብኝን ልጆች እስካሁን በስም አውቃቸዋለሁ። ሁለቱ ዛሬ ወረታ ውስጥ ባጃጅ ይነዳሉ። ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል፣ እኔም ሰላም እላቸዋለሁ፤ ግን አልረሳሁላቸውም።

ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሩዙ ወተት መያዝ ሲጀምር ግሪሳ ወፍ ይወርዳል። ግሪሳ ያረፈበት ማሳ በአንድ ጠዋት ገለባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማሳው መካከል አራት ቋሚ ይተከልና ከላይ እንጨት ተረብርቦ፣ ትንሽ የሣር ክዳን ተደርጎለት ማማ ይሠራል። እዚያ ላይ ወንጭፍ የያዘ ጠባቂ ከንጋት እስከ ምሽት ይቀመጣል። ይህ ጠባቂ ሁልጊዜ ልጅ ነው። ጢም ያወጣ ሰው ማማ ላይ ከታየ ወይ ምሳ ሊያደርስ የወጣ ነው፣ ወይ የሚልከው ልጅ ያጣ ምስኪን ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። አሳምሬ አውቅ ነበር። አባቴ ግን ከሰው ሁሉ ስለሚበልጥ የእሱ ወፍ ጠባቂነትም የተለየ መሰለኝ።

ይበልጣል የምለውም በከንቱ አልነበረም። ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን ውስጥ የባየህን ያህል የሚያርስ የለም ይባል ነበር። ትልሙን ያየ ሰው ከዳር እስከ ዳር ክር ዘርግቶ ያረሰ ይመስለዋል። በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ፣ እያባበለ እንጂ በጅራፍ አያርስም። በዚያም ዓመት ሰኔ ላይ ሩዙን ራሱ ዘራ። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ቀን ጠዋት አልተነሣም። በማግስቱም አልተነሣም።

በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ጤና ከተጠየቀ በኋላ ስለ ልጆች፣ ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ ስለ ሥራ ይጠየቃል። «ሥራ እንዴት ነው? አረሙ ተገባደደ?» ማለት ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ቢቀር ነው ሰው የሚቀየመው። እናቴ አምሳል ያን ክረምት ከዚህ ጥያቄ ጋር ስትታገል ከረመች። ሰው ሲመጣ ቶሎ ብላ ትወጣና በሩ ላይ ቆማ ትመልሳለች።

«ባየህ ምነው ከአረም ጠፋ?»

«እንቅፋት መትቶት እግሩ አብጧል።»

በሳምንቱ ደግሞ፣ «እግሩ አልተሻለውም?»

«ለእግሩ ብሎ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄዷል።»

ሌላ ሳምንት አለፈ። «ከወንዛዬ አልተመለሰም እንዴ?»

«ተመልሶ ነበር። ጣራ ገዳም ሱባኤ ገባ።»

ይህ ሁሉ ሲባል አባቴ ጓዳ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። እኔም በልጅ አእምሮዬ ነገሩን አስማማሁት። ሱባኤ ማለት ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ሳይናገሩና ሳይበሉ መተኛት መሆን አለበት አልኩ። ጣራ ገዳምም ሰፊ ስለሆነ እኛ ጓዳ ድረስ የሚደርስ መሰለኝ። በዚህም ኮራሁ። የጓደኞቼ አባቶች በፍልሰታ እንኳ በግድ ነው የሚጾሙት፤ የእኔ አባት ግን ያለ ጾሙ ወቅት እናቴ ያቀረበችለትን ሳይነካ ይመልሳል። ጓዳውን ሳልፍ በእግሬ ጣት እረግጥ ነበር፤ ቤተ መቅደስ እንደሚታለፈው ማለት ነው።

ዛሬ በሽታው ስም እንዳለው አውቃለሁ። ድብርት ነው። ዘንድሮ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ያንኑ ስም በእኔ ካርድ ላይ ጽፎታል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጥቅምት ሲገባ እናቴ ሰበብ አለቀባት። አንድ ማለዳ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የአደረ ቂጣ ስበላ ከጓዳ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ባየህ፣ እኔ ከእንግዲህ መዋሸት አልቻልኩም። አፌ ደከመ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማሳው ላይ ወፍ መጥቷል። ማማው ላይ ውጣልኝ። ምንም አትሥራ፣ ወንጭፍም አትንካ። ተቀመጥ ብቻ። ሰው ሲጠይቀኝ ‹ወፍ እየጠበቀ ነው› ብል ውሸት አይሆንብኝም።»

ለስንት ጊዜ ያልሰማሁት የአባቴ ድምፅ፣ «እችላለሁ?» አለ።

«እደግፍሃለሁ» አለችው።

«እችላለሁ?» ማለቱን ለሥራው ብቁ ነኝ ወይ ብሎ መጠየቁ መሰለኝ። ያን የሚያህል ገበሬ እንዲህ ትሑት መሆኑ ደስ አለኝ።

እናቴ እኔን ደግሞ ለብቻዬ ከደጅ አቁማ አደራ ሰጠችኝ። «ከአባትሽ ጎን እንዳትለዪ። ምሳውን መብላቱን እዪ። ከማማው ወርዶ ወደ ርብ ወንዝ ከሄደ ሮጠሽ ጥሪኝ፤ ምንም ነገር ይዘሽ ቢሆን ጥለሽ ሩጪ።» ነገሩ ገባኝ። ጠባቂ የተመደበበትን ቦታ ጥሎ መሄድ የለበትም፤ እናቴ ተቆጣጣሪ ናት፣ እኔ ደግሞ ረዳት ነኝ። ትምህርት ቤት በዚያ ወቅት ግማሹ ወንበር ባዶ ስለሚሆን የጠየቀኝም የለም።

እንዲህ ሆነና ማማው ላይ መዋል ጀመርን። አባቴ ጥግ ይዞ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ይቀመጣል። እኔ ከጭቃ ያድበለበልኳትን እንክብል እወነጭፋለሁ፣ በገመድ ያንጠለጠልኳቸውን ቆርቆሮዎች አንኳኳለሁ፣ «ሂያ! ሂያ!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ እጮኻለሁ። ግሪሳው እንደ ደመና ይነሣና ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል። ወፎቹ የሚሸሹት አባቴን አይተው መሰለኝ። አዛዥ ራሱ አይጮኽም፤ መቀመጡ ይበቃል።

ማታ ስንገባ እናቴ ምርመራዋን ትጀምራለች። «ምሳውን በላ?» «ግማሹን።» «ተናገረ?» «አልተናገረም።» «ወዴት ወዴት ያይ ነበር?» «ወደ ወንዙ።» እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሪፖርቴን አቀርባለሁ። ስለ ወፎቹ አንድም ቀን አለመጠየቋ ግን ይገርመኝ ነበር። ሩዙ እኮ የእኛ ነው!

በይፋግ ገበያ ቀን መንገዱ በሰው ይሞላል። አንዱ ጎረቤታችን፣ ዘመነ የሚባል አፈ ቀላል ሰው፣ አህያውን አቁሞ ወደ ማማው አንጋጠጠ።

«ባየህ! ሹመት አገኘህ አሉ!»

አብረውት ያሉት ሳቁ። አባቴ ጋቢውን ወደ ታች ሳበው። እኔ ብድግ ብዬ «አዎ!» ብዬ ጮኽኩ። ይበልጥ ሳቁ። የደስታ ሳቅ መሰለኝና አብሬ ሳቅሁ። አሁን ያን ሳቄን ሳስታውስ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። ስድሳ ዓመት ቢያልፍ ኖሮ ይረሳ ይሆናል፤ ያለፈው ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በእኛ አገር ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የሚያርስ፣ የሚያጭድ ወይም የሚወቃ ሰው ያየ መንገደኛ «እግዜር ያበርታህ!» ይላል፤ ሠራተኛውም ቀና ብሎ «ያክብርልኝ!» ይመልሳል። ከእኛ ማዶ ቀድሞ የደረሰለት አንድ ገበሬ ማጨድ ጀምሮ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ለእሱ «ያበርታህ!» ይለዋል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን «እንደምን ዋላችሁ» ብቻ ብሎ ያልፋል። ቅናት ያዘኝ።

«አባዬ፣ ለምን አንተን ያበርታህ አይሉህም?»

አይመልስልኝም ብዬ ወንጭፌን አነሣሁ።

«ያበርታህ የሚባለው ለሚሠራ ሰው ነው» አለ።

«አንተስ እየሠራህ አይደል?»

«አይደለም፣ ጽጌ።»

ያን ማታ ይህን ለእናቴ ስነግራት ስለ ሥራው የተባለውን ትታ አንዲቷን ነገር ያዘች። «ጽጌ ብሎ ጠራሽ? በስምሽ?» ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከዚያ በሳምንቱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አባቴ ከማማው ወረደ። ሽንት ሊሸና መሰለኝ። እሱ ግን ሩዙን እየሰነጠቀ ቀጥ ብሎ ወደ ርብ ሄደ። ጋቢው ከትከሻው ወድቆ ማሳው ውስጥ ቀረ። እናቴ ያለችው ትዝ አለኝ፤ መሮጥም ጀመርኩ፤ ግን ወደ እናቴ አልነበረም። በጣም ተናድጄ ነበር። እንዲህ የሚታመን ጠባቂ በጠራራ ፀሐይ ቦታውን ጥሎ ይሄዳል? ወንዙ ዳር ደረስኩበት። ጭቃው ላይ ቆሞ ውኃውን ያያል። ክረምቱ ብዙ ዘንቦ ስለነበር ርብ ገና አልጎደለም።

«አባዬ! ወፉ ወረደ! ማን ይጠብቅልህ?» ብዬ ጮኽኩበት። ሸሚዙን ከኋላው ይዤ ጎተትኩት። «ተረኛው አንተ ነህ እኮ! እናቴ ብታይህ ምን ትላለች?»

ዞር ብሎ አየኝ። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ይመስል ነበር። እግሬን አየ፤ በሩዙ ቅጠል ተሸንትሮ ይደማል።

«እሺ» አለ። «እንመለስ።»

እጁን ይዤ እስከ ማማው ድረስ ስቆጣው ሄድኩ። ወደፊት እንዲህ ካደረገ ለእናቴ እንደምነግርበት፣ ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ እንደማልፈው ነገርኩት። እሱም ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። ቃሌን ጠብቄ ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ ይህን የሰማችው ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ነው። ስነግራት ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣችና ብዙ ቆየች፤ ስትመለስ ግንባሬን ሳመችኝ።

አሁን ስለ ወንፈላችን ልናገር። ስምንት ቤት አንድ ወንፈል ነበርን። ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው እየዞሩ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ። የደረሰ ሩዝ ቀን አይሰጥም፣ ይረግፋል፤ ስለዚህ ከወንፈል የወጣ ቤት ወይ ሩዙ ማሳው ላይ ይቀራል፣ ወይ ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጥና የዓመት ቀለቡ ግማሽ ይሆናል። የታመመ ሰው ካለ ግን የእሱ ማሳ ከሁሉ ቀድሞ ይታጨድለታል፤ የጎደለው ቀንም አይጠየቅበትም። ደንቡ እንዲህ ነው።

አጨዳው ሲቃረብ የወንፈሉ አባት አያ ገበያው አንድ ዓርብ ከሰዓት ቤታችን መጡ። ረጅም፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሳይሆን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። በተጋበዙበት መደብ ላይ አልተቀመጡም።

«አምሳል፣ አንቺ በአረሙ የሁለት ሰው ሥራ ስትሠሪ ሁላችንም አይተናል» አሉ። «ሰው ግን ማጉረምረም ጀምሯል። ታሟል እንዳንል ባየህ ማማ ላይ ወጥቶ ይውላል። ወፍ ከጠበቀ ደህና ነው፤ ደህና ከሆነ ማጭድ ይያዝ ነው የሚሉት። ካልሆነ ከወንፈሉ ይውጣ እያሉ ነው።»

እናቴ አራት ወር ሙሉ ስትፈልጋት የኖረችው መልስ፣ ያገኘቻት ብቸኛዋ እውነተኛ መልስ፣ በአባቴ ላይ እንደ ዞረችበት ያን ጊዜ ገባት። ታሞ ሳለ ደህና አስመስላ አሳይታዋለች። የታመመ ሰው የሚያገኘውንም ነገር በገዛ አፏ አስከልክላዋለች።

«አያ ገበያው፣ እግሩን አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ልቡን ነው ያመመው።»

«እንግዲያ እሑድ መጥቶ ራሱ ይናገር። በወንፈል ሰው ለሰው እንደማይመልስ ታውቂያለሽ። በሰው ፊት ይጠየቃል።»

«መናገር ባይችልስ?»

አያ ገበያው ወደ ጓዳው በር አዩ። «እግዜር ያውቃል» ብለው ወጡ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «በሰው ፊት ይጠየቃል» የሚለውን ነበር። ፈተና ነው ማለት ነው! ወፍ ጠባቂዎች ይፈተናሉ። በማግስቱ ቅዳሜ ማማው ላይ አባቴን አስጠናሁት።

«የት ዋልክ?» እለዋለሁ፣ ድምፄን እንደ አያ ገበያው አወፍሬ።

«የት ዋልኩ?» ይላል።

«ማማ ላይ ዋልኩ በል።»

«ማማ ላይ ዋልኩ።»

«ምን ሠራህ?»

«ወፍ ጠበቅሁ።»

«ስንት ወፍ አባረርክ?»

ይቺን ሲሰማ ከንፈሩ ዳር ላይ የሆነች ነገር ስትንቀሳቀስ አየሁ። ፈገግታ ልትሆን ትችላለች። «ብዙ» አለ። እናቴ ደግሞ በበኩሏ ማታ ስታባብለው ሰማሁ። «እግሬን አሞኛል በላቸው፣ አነክሰህ ሂድ፣ በቃ ሌላ አትናገር» ትለዋለች። ሁለት ሰው አስጠንቶት ያደረ ተማሪ እንግዲህ በቤታችን የመጀመሪያው አባቴ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። እናቴ አባቴን ጢሙን ላጭታ፣ የታጠበ ልብስ አልብሳ ይዛው መጣች። ከቤታችን እስከ ዋርካው ሩቅ አይደለም፤ እኛ ግን አራት ጊዜ ቆመን ነው የደረስነው። አላነከሰም።

አያ ገበያው በየስሙ እየጠሩ ጀመሩ። «አበረ፣ የት ዋልክ? ምን ሠራህ?» አበረ ተነሥቶ በየማሳው የዋለበትን ቀን ተናገረ። ዘመነ ተነሣ፣ ትንሽ አጋነነ፣ ተሳቀበት፣ ተቀመጠ። ከዚያ፣

«ባየህ፣ የት ዋልክ?»

አባቴ ተነሣ። ሰው ሁሉ ጠበቀው። ከሴቶቹ መካከል ሆኜ «ማማ ላይ፣ ማማ ላይ» እያልኩ ያለ ድምፅ በከንፈሬ አቀበልኩት። እናቴ እጄን አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጣቶቼ አመሙኝ።

«የትም አልዋልኩም» አለ።

«ምን ሠራህ?»

«ምንም አልሠራሁም።»

አልቻልኩም። ከእናቴ እጅ አመለጥኩና «ውሸት ነው! ወፍ ይጠብቃል!» ብዬ ጮኽኩ።

ሳቁ። ዘመነ «ሹመቱን ሊደብቀን ነው እኮ!» ሲል የበለጠ ሳቁ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከምንም በላይ የሚደንቀኝ ያ መቆሙ ነው። መቀመጥ ይችል ነበር። ዞሮ ወደ ጓዳው መሄድም ይችል ነበር፤ ማንም አይከለክለውም።

«ወፉን የምትጠብቀው እሷ ናት» አለ። «እኔንም የምትጠብቀኝ እሷ ናት።»

የሳቀ የለም።

«እግሬ ደህና ነው» አለ። ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣቸው። «ወንዛዬ አልሄድኩም። ጣራ ገዳምም አልሄድኩም። አምሳል ስትነግራችሁ የነበረው እኔን ልትሸፍን ነው፤ በእሷ አትፍረዱ። ከሐምሌ ጀምሮ ቤት ነኝ። ማጭድ ሳይ እጄ አይነሣም። እህል አፌ ውስጥ ይደርቃል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ቀኑን በየት በኩል እንደማልፈው አላውቅም። ምን እንዳመመኝ ስሙን አላውቀውም። ምን ሠራህ ካላችሁኝ፣ ዛሬ ከተኛሁበት ተነሣሁ። ልብስ ለበስኩ። በእግሬ እዚህ ድረስ መጣሁ። የሠራሁት ይኸው ነው።»



አያ ገበያው ከዘራቸውን ከክንዳቸው አውርደው መሬት ላይ ተከሉ። ተደግፈውት ተነሡ። ቆባቸውን አወለቁ። ማሳ መካከል የሚያጭድ ሰው ላይ እንደ ደረሰ መንገደኛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«እግዜር ያበርታህ!» አሉት።

አባቴ ለእሱ የተባለ አልመሰለውም፤ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

«ያክብርልኝ» አለ።

«እግዜር ያበርታህ» አለ አበረ፣ እሱም ተነሥቶ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ ዘመነ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ያበርታህ፣ ወንድሜ» አለ። አባቴ ለእያንዳንዳቸው መለሰላቸው።

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል ስቅስቅ ብዬ አለቅስ ነበር። ያስጠናሁትን አንዷንም ሳይመልስ ፈተናውን ወድቆ፣ ሹመቱን በገዛ አፉ ለእኔ አሳልፎ ሰጥቶ፣ ሰዎቹ አዝነውለት የሚያጽናኑት መሰለኝ። ወደ ቤት ስንመለስም አኮረፍኩት። «ማማ ላይ ዋልኩ ማለት ምን ነበረበት?» አልኩት። «ረሳሁት» አለኝ። ምንም አልረሳም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሰባቱ ቤት ማጭዱን ይዞ ማሳችን ላይ ተሰለፈ። ከሁሉ ቀድሞ የታጨደው የእኛ ሩዝ ነበር። አባቴ ማማው ላይ ተቀምጦ አያቸው፤ ማጭድ የሰጠውም፣ ና የሚለውም አልነበረም። ከሰዓት ላይ ወርዶ ለአጫጆቹ ውኃ አቀበለ። ሁለት እንስራ ያህል። ከዚያ ደክሞት ተመልሶ ተቀመጠ። እናቴ ነዶ ተሸክማ በአጠገቡ ስታልፍ «ያበርታህ» ስትለው ሰማኋት። ባልና ሚስት እንዲህ ሲባባሉ ሰምቼ ስለማላውቅ በጣም አሳቀኝ።

አባቴ እርሻ እንደገና የጀመረው ከዚያ በኋላ ባለው ግንቦት ነው። አንዳንድ ዓመት በሽታው ይመለስበታል፤ ኋላ ሆስፒታል ሄዶ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አመጣጡ ቀለል ብሎለታል። በተመለሰበት ዓመት ሁሉ ራሱ ዋርካው ሥር ቆሞ «ዘንድሮ አልቻልኩም» ይላል። እናቴም ከዚያ እሑድ ወዲህ ለማንም ዋሽታ አታውቅም። ብዙ ደፋር ሰው በሕይወቴ አይቻለሁ። እንደ አባቴ ያለ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ስለ ራሴ። ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አስተምር ነበር ማለት ይሻላል። ከየካቲት ጀምሮ ክፍል ገብቼ መቆም አልቻልኩም። ጠመኔ ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ፣ ፊቴን መልሼ ወደ ተማሪዎቼ ማዞር ያቃተኝ ቀን አለ። ዕቃዬን ይዤ ወላጆቼ ቤት ከገባሁ ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሦስት መልስ አዘጋጅቼ ነበር፦ ዕረፍት ላይ ነኝ፣ ትምህርት ልቀጥል ነው፣ ዝውውር እየጠበቅሁ ነው። እግር፣ ወንዛዬ፣ ጣራ ገዳም። የእናቴ ልጅ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ከአባቴ ጋር ወረታ ወረድን፣ እሱ የወሩን መድኃኒቱን ሊያወጣ፣ እኔ የመጀመሪያዬን ልጀምር። እናቴ «ስትመለሱ ሳሙና ግዙ» ስላለችን ከልጅነቴ ጀምሮ ወደምታውቀኝ ባለ ሱቅ ጎራ አልን። እትዬ ሰአዳ ገና ስታየኝ ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈችኝ።

«ጽጌ! መቼ መጣሽ? ከስተሻል ልጄ! ሥራ እንዴት ነው?»

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሦስት ገዢዎች ነበሩ። አባቴ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሳሙናዎች ያያል፤ ዞሮ አላየኝም፣ አልረዳኝምም። ዝውውር የሚለው መልስ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አሞኛል፣ እትዬ ሰአዳ» አልኩ። «መሥራት አልቻልኩም።»

«ምንሽን፣ ውዬ?»

«ልቤን ነው፣ አእምሮዬን። ዛሬ ተነሣሁ፤ ፀጉሬን ታጠብኩ። እዚህ ድረስ መጣሁ።»

እትዬ ሰአዳ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።  ከኋላዬ አባቴ ከመደርደሪያው ሲዞር ሰማሁት። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ግን ማሳ ያሻግራል።

«እግዜር ያበርታሽ!» አለ።

ዞሬ አየሁት፤ ቆቡን አውልቋል።

«ያክብርልኝ» አልኩት።